መስኮቱ ለማን ይታይ? የኮሪያ ኮሚክ ጀግኖች፣ ስልካችንና ጤናችን

በዛሬው ጽሑፋችን ብዙዎቻችሁ ከምትወዷቸው የኮሪያ የሥዕል ታሪኮች ተነስተን ስለ ኤች.አይ.ቪ፣ ስለ ምርመራና ስለ ምስጢር እንጨዋወታለን። ኮሚክና ኤች.አይ.ቪ ምን አገናኛቸው እንዳትሉ። ያገናኟቸው የውርጌሳ ተማሪዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን ዋና መንገድ ይዛችሁ ውጫሌን ካለፋችሁ በኋላ፣ መርሳ ሳትደርሱ ውርጌሳን ታገኛላችሁ። በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በሥራዬ ምክንያት እዚያ ከፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ጋር ለመወያየት ተገኝቼ ነበር። ይዤ የሄድኩት ትምህርት ስለ ቫይረሱ መተላለፊያና መከላከያ መንገዶች ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጆቹ ይህን ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። እኔ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ነበር።

«ምን አገኛችሁ? እስኪ ለእኛም አካፍሉን» አልኳቸው።

አንደኛው ደንገጥ ብሎ ብድግ አለ። «ይቅርታ ቲቸር፣ አንድ ክፍል ብቻ ቀርቶን ነው» አለ። አስተማሪ ባልሆንም ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ ሳየው የሥዕል ታሪክ ነው። አንድ ወጣት ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ አየር ላይ ሰማያዊ መስኮት ተከፍቷል።

«ይሄ ልጅ መጀመሪያ ከሁሉም ደካማው ነበር» ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። «ከዚያ ሲስተሙ መረጠው። መስኮቱ ጉልበቱ ስንት እንደቀረ፣ ድካሙ ስንት እንደደረሰ በቁጥር ያሳየዋል። ለሌላ ሰው ግን አይታይም።» ትንሽ አሰብ አደረገና «ለኛም እንዲህ ያለ መስኮት ቢኖረን እኮ ለኤች.አይ.ቪ ምርመራ ማን ይሰለፋል?» አለ።

ወዲያው አንዲት ተማሪ ከወደ መስኮቱ በኩል ተነሳች። «እኔስ የራሴን አይደለም፣ የሌላውን ቢያሳየኝ ነው የምፈልገው። ሰው ግንባሩ ላይ ተጽፎ ቢታይ ማን ይሸወዳል?»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ከነዚህ ሁሉ ልጆች መካከል ቫይረሱ በደሙ ያለ፣ ከእናቱ ሲወለድ ይዞት የመጣ አንድ ልጅ ቢኖርስ? ያን ጭብጨባ እንዴት ሰማው?

ስለዚህ ያዘጋጀሁትን ትምህርት አጥፌ በልጆቹ ጥያቄ ላይ መወያየት ጀመርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውይይት ፍሬ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ስለ ጤናችን የሚናገር ቴክኖሎጂ ቢኖረን መስኮቱ ለማን ይታይ?

ከምናብ ታሪክ መማር አዲስ አይደለም

በቅድሚያ ታሪኮቹን ለማያውቁ አንባቢያን ትንሽ ማብራሪያ እንስጥ። በኮሪያ ቋንቋ የሥዕል ታሪክ «ማንህዋ» ይባላል። በኢንተርኔት የሚወጣውና ስልክ ላይ በጣት ወደ ላይ እየተገፋ የሚነበበው ደግሞ «ዌብቱን» ይሰኛል። ዛሬ የእነዚህ ታሪኮች አንባቢዎች ከኮሪያ አልፈው በመላው ዓለም ይገኛሉ፤ በእጅ ስልክ አማካይነት እኛም ዘንድ ደርሰዋል።

ታላላቆቻችን «ልጆቻችን በስልክ ጠፉ» ሲሉ እንሰማለን። ይሁን እንጂ ከምናብ ገጸ ባህሪ ስለ ጤና መማር ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። በዚያ ድራማ ውስጥ ፍቅርተ የተባለችው ገጸ ባህሪ ያየችውን መከራ ሰምቶ ስለ ኤች.አይ.ቪ ያሰበና የተወያየ አድማጭ ብዙ ነበር። ፍቅርተ በአካል የለችም፤ ጥያቄዋ ግን የሁሉም ቤት ጥያቄ ነበር። የኮሪያዎቹም ጀግኖች እንደዚያው ናቸው። እነሱን መነሻ አድርገን ሦስት ነገሮችን እንይ።

አንደኛ፦ በዩሚ ውስጥ ያለው መንደር

ሊ ዶንግ-ገን የተባለው የኮሪያ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 «የዩሚ ሴሎች» የሚል ዌብቱን ሠርቷል። ዩሚ ተራ የቢሮ ሠራተኛ ናት። በጭንቅላቷ ውስጥ ግን አንድ ሙሉ መንደር አለ። የመንደሩ ነዋሪዎች ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ትንንሽ ሴሎች ናቸው። አንዱ የረሃብ ሴል ነው፣ ሌላዋ የፍቅር ሴል ናት፣ ሁሉም በየፊናው ይሠራል። ዩሚ ደህና ስትሆን መንደሩ ሰላም ነው፤ ስትታወክ መንደሩም ይታወካል።

እስኪ ይህን መንደር ከጭንቅላት አውጥተን ወደ ደማችን እናምጣው። በደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎች አሉ። ከእነሱም መካከል ሲዲ ፎር የሚባሉት እንደ መንደሩ የጥበቃ አስተባባሪዎች ናቸው። ጠላት ሲገባ «ተነሱ!» ብለው ሌሎቹን ያዛሉ። ኤች.አይ.ቪ የሚገባው ለይቶ በእነዚህ አስተባባሪዎች ውስጥ ነው። በውስጣቸው ይራባል፤ ከዚያም ያጠፋቸዋል። የአንድ ጤናማ ሰው ሲዲ ፎር በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,500 ይደርሳል። ከ200 በታች ሲወርድ መንደሩ ጠባቂ አልባ ይሆናል፤ የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎች ተጓዳኝ በሽታዎችን መቋቋም ያቅተዋል።

አንድ ተማሪ «ታዲያ መንደሩ ሲወረር ሰውየው አይታወቀውም?» ብሎ ጠየቀ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ላይታወቀው ይችላል! ሰውየው ኳስ ይጫወታል፣ ይማራል፣ ይስቃል። ፊቱ ላይ የሚነበብ ምንም ነገር የለም። «ወፍራም ነው፣ ጤነኛ ነው»፣ «ከስቷል፣ ታሟል» የሚለው የዓይን ምርመራ ብዙ ሰው ያሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

መንደሩን ማየት የሚቻለው በምርመራ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን ይነግረናል። ቫይረሱ ላለበት ሰው ደግሞ «ቫይራል ሎድ» የሚባል ሌላ ምርመራ አለ። ይህም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት የቫይረስ ቅጂ እንዳለ የሚቆጥር ነው። ናሙናው ከጤና ተቋም ተነስቶ ደሴ እንዳለው ዓይነት ትልቅ ላቦራቶሪ ድረስ ይጓዛል፤ መልሱም በቁጥር ይመጣል። መድሃኒት የጀመረ ሰው በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይህን ምርመራ ያደርጋል። እንግዲህ የጀግናው መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር በእኛ ዘንድም አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ቁጥር በመንገድ ተጉዞ መምጣቱ ነው።

ሁለተኛ፦ የጂን-ዉ መስኮትና የየቀኑ ተልዕኮ

አሁን ልጆቹ ሲያነቡት ወደነበረው ታሪክ እንመለስ። «ሶሎ ሌቨሊንግ» ይባላል። ደራሲው ቹጎንግ በሚል የብዕር ስም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሥዕል መውጣት የጀመረ ሲሆን በ2024 ደግሞ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀርቧል።

ዋናው ገጸ ባህሪ ሱንግ ጂን-ዉ ጭራቅ አዳኝ ነው። በታሪኩ ዓለም የእያንዳንዱ አዳኝ ጉልበት በመሣሪያ ተለክቶ ደረጃ በፊደል ይሰጠዋል። የጂን-ዉ ደረጃ የመጨረሻው ነው፤ ከደረጃው ሰዎችም ሁሉ ደካማው እሱ ነው። ይህንንም ሁሉም ያውቃል፤ በሄደበት ይሳቅበታል። ያም ሆኖ ሥራውን አይተውም። ምክንያቱም እናቱ ከማይነቃ እንቅልፍ ውስጥ ገብታ ሆስፒታል ተኝታለች፤ የህክምናውን ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው፤ ተማሪ እህትም አለችው።

አንድ ቀን ከሞት አፋፍ ተርፎ ሲነቃ ያ ሰማያዊ መስኮት ይከፈትለታል። መስኮቱ ግን ዝም ብሎ ጉልበት አይሰጠውም። በየቀኑ ተልዕኮ ይሰጠዋል፦ 100 ፑሽ አፕ፣ 100 ሲት አፕ፣ 100 ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ጂን-ዉ በመጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቀኑ ሲያልፍ ግን ግዙፍ መቶ እግሮች ወደሚርመሰመሱበት በረሃ ተወረወረ፤ ነፍሱን ይዞ ሮጦ ነው የተረፈው። ከዚያ በኋላ ተልዕኮውን አላጓደለም።

ጀግናችን ቫይረሱ በደሙ ቢገኝ ኖሮ መስኮቱ ምን ይለው ነበር? ልጆቹ ተሻምተው መለሱ፤ «ተልዕኮ፦ መድሃኒትህን ውሰድ!» ትክክል ናቸው። ዛሬ በሀገራችን አብዛኞቹ የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድሃኒት ተጠቃሚዎች የሚወስዱት ዶሉቴግራቪር የተባለውንና ሌሎች ሁለት መድሃኒቶችን በአንድ ላይ የያዘ ፍሬ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። መቶ ፑሽ አፕ አይደለም፤ አንድ ፍሬ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ነው፤ ፈተና ባለበት ቀን፣ ሠርግ ባለበት ቀን፣ ልብ በተሰበረበትም ቀን።

ቢጓደልስ? እዚህ ላይ ከታሪኩ የምንለይበት ነጥብ አለ። የጂን-ዉ መስኮት ይቀጣል። ቫይረሱ ግን ቅጣት አይደለም፤ ማንም ሰው በኃጢአቱ ተቀጥቶ አልታመመም። መድሃኒቱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ቫይረሱ መልሶ ይራባል፣ መድሃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ያኔ ያ ፍሬ አይሠራም፤ ሌላ መድሃኒት መፈለግ የግድ ይሆናል። አንድ ቀን የረሳ ሰው ግን «አለቀልኝ» ማለት የለበትም። ባስታወሰ ጊዜ ይውሰድ፤ ለማካካስ ብሎ እጥፍ አይውሰድ፤ ለጤና ባለሙያውም በግልጽ ይንገር። ባለሙያው የሚቆጣ ከመሰላችሁም አብሽሩ፤ የእሱ ሥራ መርዳት ነው።

ተልዕኮውን በየቀኑ የሚወጣ ሰው ምን ያገኛል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 በግልጽ እንዳስታወቀው፣ መድሃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጓደኛው አያስተላልፍም። መጠኑ ከ1,000 ቅጂ በታች ቢሆንም የማስተላለፍ ዕድሉ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ደካማ ተብሎ የተናቀው ጂን-ዉ ማንም ሳያየው በየቀኑ ሠርቶ እንደበረታ ሁሉ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ ወጣትም ተምሮ፣ ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆኑ ልጆች ወልዶ መኖር ይችላል።

ልብ በሉ፤ መስኮቱ ለጂን-ዉ ነገረው እንጂ አልሮጠለትም። ስልካችሁ ላይ ስንት የጤና አፕሊኬሽን ብትጭኑ ፍሬዋን የሚውጥላችሁ ስልክ የለም።

ሦስተኛ፦ በ10 ሜትር ውስጥ የሚጮኸው ደወል

«የሌላውን ቢያሳየኝ» ያለችው ተማሪ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ለእሷም የሚሆን የኮሪያ ታሪክ አለ።

ቾን ግዬ-ዮንግ የተባለችው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2014 «የፍቅር ደወል» የሚል ዌብቱን ጀመረች፤ በ2019 ደግሞ በፊልም መልክ ቀርቧል። በታሪኩ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አንድ አፕሊኬሽን ይጭናል። የሚወድህ ሰው በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ሲገባ ስልክህ ይጮሃል። ደስ አይልም? መጀመሪያ ደስ ይላል። ቆይቶ ግን ደወሉ ሰዉን መከፋፈል ይጀምራል። ስልኩ ያልጮኸለት ይናቃል። በልቡ ይዞት የነበረው ምስጢር በአደባባይ የወጣበትም ይሸማቀቃል። የታሪኩ ባለቤት ኪም ጆጆ በመጨረሻ ስሜቷ እንዳይታወቅባት ደወሉን የሚያፍን ጋሻ አስፈለጋት።

ተማሪዎቹን በሁለት ቡድን ከፈልኳቸው። አንዱ ቡድን «የኤች.አይ.ቪ ደወል ይኑር» ብሎ፣ ሌላው «አይኑር» ብሎ ተከራከረ። «ይኑር» ያለው ቡድን ሦስት ምክንያት አቀረበ፦ እንጠነቀቃለን፣ አንታለልም፣ በሽታው ይቆማል። ጭብጨባው ለእነሱ ነበር። ከዚያ ከ«አይኑር» ቡድን አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሳና «ደወሉ ያልተመረመረውን ሰው እንዴት ያውቀዋል?» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል። ደወሉ ሊጮህ የሚችለው መረጃው ባለው ሰው ላይ ብቻ ነው። መረጃ ያለው ደግሞ የተመረመረ ሰው ነው። ተመርምሮ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መድሃኒት ጀምሯል፤ በአግባቡ ከወሰደም አያስተላልፍም። ስለዚህ ደወሉ የሚጮኸው አደጋ በሌለበት፣ ዝም የሚለው ደግሞ አደጋ ባለበት ይሆናል። ሳይመረመር በሚኖረው ሰው ላይ ደወሉ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም የሰማ «ነፃ ነው» ብሎ ይዘናጋል። ትናንት በቫይረሱ የተያዘ ሰው እንኳ ዛሬ ቢመረመር ምርመራው ላያሳይ ይችላል፤ በተለመደው ፈጣን ምርመራ እስኪታይ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል።

ሌላም ጉዳት አለ። መመርመር ማለት ደወል ግንባር ላይ ማንጠልጠል ቢሆን ማን ይመረመራል? በትምህርቴ ሶሺዮሎጂ ስማር መገለልና አድልዎ የሚሉ ቃላትን በመጽሐፍ አንብቤያለሁ። ትርጉማቸው የገባኝ ግን ሥራ ላይ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ነበር። ከሚከታተልበት ቦታ «የመድሃኒት ቀጠሮህ ነገ ነው» የሚል መልእክት በስልኩ ይላክለታል። በቅን ልቦና የተላከ መልእክት ነው። ስልኩ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መልእክቱን ያነበበው አብሮት የተከራየ ጓደኛው ሆነ። ጓደኛው ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ። ያም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ። ወጣቱ ቤት ቀየረ፤ ለሁለት ወርም ወደ ቀጠሮው አልመጣም። ያቋረጠው በሽታው ከብዶት አልነበረም፤ የ10 ሜትሩ ደወል ጮኾበት ነው።

በኋላ ተመልሶ መጣ። ከአማካሪው ጋር ተነጋግረው የስልክ መልእክቱ እንዲቀር አደረጉ። በምትኩ ስልኩ ላይ በየማታው ሦስት ሰዓት የሚጠራ ማስታወሻ ሞላ። ስሙን ምን ብሎ እንደጻፈው ታውቃላችሁ? «10 ኪ.ሜ»። ያየው ሁሉ ስፖርተኛ ይመስለዋል። እሱም ሳቅ ብሎ «ኮሚክ አታነቡም እንዴ?» አለኝ። አልገባኝም ነበር። የገባኝ ውርጌሳ ላይ የልጆቹን ስልክ ሳይ ነው።

በእጃችን ያለው ቴክኖሎጂ

«እሺ፣ ይሄ ሁሉ ምናብ ነው። እኛ ጋ ምን አለ?» ትሉ ይሆናል። ያለው ቀላል አይደለም።

ቀድሞ የመጣልን የስልክ መስመር ነው። በ1990ዎቹ «ወገን የኤድስ ቶክላይን» በሚል ስም የተከፈተው 952 ነፃ የስልክ መስመር ብዙ ወጣቶች ስማቸውን ሳይናገሩ ፊት ለፊት ለመጠየቅ ያፈሩትን እንዲጠይቁ አድርጓል። በ2012 ዓ.ም ኮቪድ ሲመጣም ይኸው ቁጥር አገልግሏል። ከዚያም ሌላ በርካታ ሆስፒታሎች የፀረ ኤች.አይ.ቪ ህክምና መረጃ የሚይዙበት ስማርትኬር የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት አለ። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃን ከወረቀት ወደ ታብሌት የሚያሸጋግር የኤሌክትሮኒክ የማህበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በየደረጃው ተዘርግቷል።

ራስን በራስ መመርመሪያም መጥቷል። ከድድ ላይ በሚወሰድ ፈሳሽ የሚሠራ ሲሆን ውጤቱ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይነበባል። በምራቅ ይተላለፋል ማለት አይደለም፤ መሣሪያው የሚፈልገው ሰውነታችን ለቫይረሱ የሠራውን የመከላከያ ምልክት ነው። ከሁሉም ይልቅ የጂን-ዉን መስኮት የሚመስለው ይህ ነው፤ የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ። ነገር ግን ሁለት መስመር ያሳየው ሰው ውጤቱ የመጨረሻ ስላልሆነ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ማረጋገጥ አለበት። ሌላውን ሰው አስገድዶ መመርመርም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ይሁንና ቴክኖሎጂ መብራትና ኔትወርክ ይፈልጋል። ይህን ከእኛ ከሰሜን ወሎ ሰዎች በላይ ማን ያውቃል? በጦርነቱ ወቅት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ወልድያና አካባቢዋ መብራትም ስልክም ባንክም አልነበራቸውም፤ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በ2015 ዓ.ም የተቋረጠው የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት አልተመለሰም። መስኮቱ በሚጨልምበት ጊዜ የሚተርፈው በጭንቅላትና በኪስ የተያዘ ነገር ነው። የመድሃኒቱን ስም በቃሉ የያዘና የህክምና ካርዱን ከእጁ ያልለየ ሰው በሄደበት ከተማ ህክምናውን ለመቀጠል ይቀለዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ራሳችንን እንወቅ። በሀገራችን መመሪያ መሠረት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል። ውጤቱ ምስጢር ነው።

2. መታቀብ ለተማሪ ዋነኛው መከላከያ ነው። ግንኙነት የጀመረ ደግሞ ኮንዶምን ሁልጊዜና በትክክል ይጠቀም። ደወል እንደሌለ አትርሱ፤ መልክ አይቶ መገመት መከላከያ አይሆንም።

3. ተገዶ የተደፈረ ወይም በሌላ ምክንያት ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ለ28 ቀን የሚወሰድ የመከላከያ መድሃኒት አለ። ሰዓቱ ይሮጣልና «ነገ» አይባልም።

4. ስልካችሁን በይለፍ ቁጥር ቆልፉ። መልእክት ሲመጣ ጽሑፉ ፊት ላይ እንዳይታይ አድርጉ። የጓደኛችሁን ስልክ ያለ ፈቃዱ አትክፈቱ፤ ሳታስቡት ያነበባችሁትንም ለ«አንድ ሰው ብቻ» አትንገሩ።

5. መድሃኒት የምትወስዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ማስታወሻችሁን ለእናንተ ብቻ በሚገባ ስም ሙሉት። ለማን መንገር እንዳለባችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የምታምኑት አንድ ሰው ቢኖር ግን ሸክሙ ይቀላል። ጂን-ዉም ቢሆን ለእናቱና ለእህቱ ሲል ነው የበረታው።

ለመሰናበት

ውይይቱ ሲያበቃ ያቺ «የሌላውን ቢያሳየኝ» ያለች ተማሪ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ አሳፈርኩዎት?» አለችኝ። «ኧረ በፍጹም፤ አንቺ ባትጠይቂ ማን ይማር ነበር?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እኔ ራሴ ተመርምሬ አላውቅም። የሰውን መስኮት ስፈልግ የራሴን አልከፈትኩም» አለች።

እኔ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለኝም። ጥሩ የጤና ቴክኖሎጂ ለባለቤቱ እውነቱን የሚነግር፣ ለሌላው ምስጢር የሚጠብቅ ነው። የቀረውን ደግሞ በየቀኑ የምንሠራው እኛ ነን።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የ«ይኑር» ቡድን ብትሆኑ ለዝምተኛው ልጅ ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር?

ለ. የጓደኛችሁን የጤና ምስጢር ሳታስቡት ብታውቁ ምን ታደርጋላችሁ? ለእሱ ትነግሩታላችሁ ወይስ ዝም ትላላችሁ?

ሐ. የምትወዱት የኮሚክ ጀግና በእናንተ ትምህርት ቤት ቢማርና ቫይረሱ በደሙ ቢገኝ፣ የክፍሉ ልጆች እንዴት ይቀበሉታል? በክበባችሁ በአጭር ድራማ አሳዩ።

መልካም ውይይት! ቸር ሰንብቱ።